ዶሮዋን ወይስ ቆጡን? በራካ ግቢዎች እንቁላል ስለሚያቆሙ ዶሮዎች

ራካ በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በደማምና በኮበር መካከል የተዘረጋ ሰፈር ነው፤ ሰሜን ራካ፣ ደቡብ ራካ እየተባለ ይጠራል። ግቢዎቹ በረጃጅም አጥር የታጠሩ፣ የቤቶቹ ጣሪያ ጠፍጣፋ ስለሆነ ለአምስትና ለስድስት ዶሮ የሚሆን ጥግ አይታጣም። የቪላው ዘበኛ፣ የቤት ሹፌሩ፣ ኢስትራሃ (የማረፊያ ግቢ) ውስጥ የሚያድረው፣ ወደ ቀጢፍና ወደ አል አህሳ ወጣ ብሎ መዝራ (እርሻ) ላይ የሚሠራው ወገናችን ዶሮ ማርባት ሲጀምር ብዙ ጊዜ ሐሳቡ በዓል ነው፤ ከፍሪጅ በወጣ ዶሮ የተሠራ ወጥ ወጥ አይመስለውም። እንቁላሉ ምርቃት ነው። ምርቃቱ ከተለመደ በኋላ ሲቆም ግን ጭንቀቱ ከዋናው ይብሳል።

ያን ጊዜ የሚነሳው ጥያቄ «ምን መድኃኒት ልስጣቸው?» የሚል ነው። ጥያቄው ሲጠየቅ ፍርዱም አብሮ ተፈርዷል፤ ዶሮዋ ታማለች፣ ውኃ ውስጥ በሚበጠበጥ ዱቄት ወይም በመርፌ ትድናለች። ስለ ጉዳዩ የተጻፈውንና አርቢዎች የሚያውቁትን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ይህ ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ የሚስት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እንቁላል የሚያስቆመው ነገር በብዛት ከዶሮዋ አካል ውጭ ነው፤ በቀኑ ርዝመት፣ በሙቀቱ፣ በመኖው፣ በቆጡ ስንጥቅ ውስጥ። ጥገኛ ተባዮቹ ራሳቸው እንኳ ክፉዎቹ ዶሮዋ ላይ አይኖሩም፤ ቤቷ ውስጥ ነው የሚኖሩት። መድኃኒቱ ዶሮዋን እያገኘ ቤቷን ሲስት ገንዘቡም ድካሙም ከንቱ ይቀራል።

ክረምትና በጋ

ሀገር ቤት ዶሮ ያረባ ሰው ብርሃንን አይጠረጥርም፤ አይፈረድበትም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትርቅ በዓመቱ ረጅምና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ራካ ያለው 26 ዲግሪ ላይ ነው። እዚያ በሰኔ ቀኑ 13 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ይረዝማል፤ በታኅሣሥ ወደ 10 ሰዓት ተኩል ያጥራል። ዶሮ ደግሞ የቀኑን ርዝመት ትከታተላለች። ብርሃኑ በዓይኗ ብቻ አይገባም፤ የራስ ቅሏንም አልፎ አንጎሏ ውስጥ ያሉ ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት ዘንድ ይደርሳል፤ እንቁላል የሚያስጥሉት ሆርሞኖችም በዚያ ይታዘዛሉ። በቀን 14 ሰዓት ያህል ብርሃን ስታገኝ በደንብ ትጥላለች፤ ቀኑ እያጠረ ሲሄድ ታቆማለች፤ ላባዋንም ታራግፋለች።

በዚህም የተነሳ ባሕረ ሰላጤው ዳር ያለች ዶሮ የሚመቻት ወቅት የላትም። አየሩ ሲመቻት ብርሃኑ ያጥርባታል፤ ብርሃኑ ሲበቃት ሙቀቱ ይፈጃታል። ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሰው ሁሉ «አሁን ቀዝቀዝ ብሏል፣ ትጥላለች» ብሎ በሚጠብቅበት ጊዜ፣ ዓመት ያለፋት ዶሮ ባዶዋን ትከርማለች። ቄቦች ግን የመጀመሪያ ክረምታቸውን ብዙ ጊዜ እየጣሉ ያልፉታል፤ አንዷ ጥላ ሌላዋ ስታቆም «ይቺኛዋ ታማለች» የሚባለው ከዚህ የተነሳ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ትንሽ አምፖልና የሰዓት መቆጣጠሪያ ነው፤ መብራቱ ከንጋት በፊት ቢበራ ይመረጣል። ማታ በድንገት የሚጠፋ መብራት ዶሮዎቹን ቆጥ ሳይወጡ ጨለማ ላይ ይጥላቸዋል። እኔ ብሆን ግን ያረጀች ዶሮ በመብራት አላስገድድም፤ ላባዋን ለውጣ፣ አርፋ ስትመለስ የምትጥለው እንቁላል ቅርፊቱ ይሻላል።

የላባው መራገፍ ራሱ ሌላ ስሕተት ያስከትላል። ብዙ ሰው ላባ ሲረግፍ አይቶ ቅንቅን ነው ብሎ መርዝ ይረጫል። በተፈጥሮ የሚረግፍ ላባ ከራስና ከአንገት ጀምሮ በተራ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከሥሩም አዲስ እሾህ የመሰለ ላባ ይታያል። ጀርባዋ ላይ ብቻ ከተመለጠች አውራው ሲወጣባት በጥፍሩ የነጨው ነው። እንቁላል መውጫዋ ዙሪያ ከተመለጠና ቆዳው ከቀላ፣ የላባው ሥርም ከቆሸሸ፣ ያኔ ተባይ መጠርጠር ተገቢ ነው።

በጋው ሌላ ታሪክ ነው። ከ45 ዲግሪ የሚያልፍ ቀን በደማምና በኮበር እንግዳ አይደለም። ዶሮ ላብ የላትም፤ ሙቀቷን የምታወጣው አፏን ከፍታ በማለክለክ ነው። ስታለከልክ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደሟ ከልክ በላይ ይወጣል፤ የቅርፊቱ መሥሪያ የሆነው ካርቦኔት በዚያው ይጎድላል። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ መኖ ትቀንሳለች። ስለዚህ በበጋ እንቁላሉ ትንሽ፣ ቅርፊቱም ስስ ቢሆን አያስደንቅም፤ ካልሲየም ብቻ ቢሰጣትም ችግሩ ሙሉ በሙሉ አይፈታም። እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ሙቀት ውስጥ ለተቀመጡ ሌግሆርን ዶሮዎች ጋዝ ያለው ውኃ አጠጥቶ ቅርፊታቸው እንደተሻለ አሳይቷል። ለዶሮ አምቦ ውኃ ይገዛ እያልኩ አይደለም፤ ነገሩ የሚያስረዳው ጉድለቱ ከትንፋሹ መሆኑን ነው።

ራካ ውስጥ ከሁሉ ቀድሞ መታየት ያለበት የሚጠጣው ውኃ ነው። የጣሪያ ታንከር ውኃ በሐምሌ ከቧንቧው የሚወጣው እጅ እያቃጠለ ነው፤ ዶሮ ደግሞ ትኩስ ውኃ ከመጠጣት ጥም ይሻላታል። ቤት ውስጥ ያደረ ውኃ፣ ወይም በረዶ የሆነ የፕላስቲክ ጠርሙስ የተጣለበት ማጠጫ ከማንኛውም ቫይታሚን ይበልጥ ይጠቅማታል። ማቀዝቀዣውም እንደ ወሩ ይለያያል። በሰኔና በሐምሌ የሸማል ነፋስ ደረቅ ስለሆነ እርጥብ ጆንያ አጥሩ ላይ መስቀል በእርግጥ ያቀዘቅዛል። በነሐሴና በመስከረም መግቢያ ባሕሩ ወበቁን ሲያመጣ ግን ያው ጆንያ እርጥበት ከመጨመር በቀር ፋይዳ የለውም፤ ያኔ የሚረዳት ማራገቢያ ብቻ ነው። መኖውን በንጋትና በምሽት መስጠት፣ ቀትር ላይ ማንሳትም ይጠቅማል፤ የበላችው ሲፈጭ ራሱ ሙቀት ያመጣልና።

ስለ መኖው ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ግን የተናቀው ምክንያት እሱ ሳይሆን አይቀርም። ሀገር ቤት ያለች ዶሮ ግማሽ ቀለቧን ራሷ ጭራ ታገኛለች፤ ትሉ፣ አንበጣው፣ የወደቀው እህል፣ ቅጠሉ አለላት። እንዲያም ሆኖ የሀገራችን ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 ትናንሽ እንቁላል ነው። ራካ ያለው ግቢ ሲሚንቶና አሸዋ ነው፤ የሚጫር ነገር የለውም። ከገበታ የተረፈ ሩዝና ኩብዝ (የዓረብ ዳቦ) ሆድ ይሞላል እንጂ እንቁላል አይሠራም። አንድ ቅርፊት ብቻ ሁለት ግራም የሚያህል ካልሲየም ይወስዳል፤ የእንቁላል ጣይ መኖ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ካልሲየም እንዲኖረው የሚደረገው ለዚህ ነው። ሩዝ ውስጥ ይህ የለም። ከባሕሩ ዳር የተለቀመ ዛጎል በንጹሕ ውኃ ታጥቦ፣ ተሰባብሮ ማታ ማታ በዕቃ ቢቀመጥላት የምትፈልገውን ያህል ትወስዳለች፤ ቅርፊቱ የሚሠራው በአብዛኛው ሌሊት ስለሆነ የማታው ሰዓት ይመረጣል። አደቅቆ ዱቄት ማድረግ ግን አያስፈልግም፤ ጎርደድ ያለው ሆዷ ውስጥ ቀስ እያለ ሟሙቶ ሌሊቱን ሙሉ ያደርሳታል።

ሌሊት በቆጡ ላይ

ደም የሚመጥጡና ላባ የሚበሉ ተባዮችን ሁሉ «ቅንቅን» ብለን እንጠቀልላቸዋለን። ለመከላከል ግን ስማቸውን ከማወቅ ይልቅ የሚያድሩበትን ማወቅ ይበልጣል። አንዱ ወገን ዕድሜውን ሙሉ ዶሮዋ ላይ ያሳልፋል፤ ሌላው ቀን ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ሌሊት ብቻ እየወጣ ይበላል።

ዶሮዋ ላይ ከሚኖሩት ዋናው የላባ ቅማል ነው። እንቁላሎቹን በላባው ሥር አጣብቆ ነጭ እብጠት ያስመስላል፤ ከዶሮዋ ከተለየ ከሳምንት በላይ አይኖርም። በአብዛኛው የላባና የቆዳ ብናኝ ስለሚበላ ራሱ ብዙ አይገድልም፤ ግን ያሳክካታል፣ እንቅልፍ ይነሳታል፣ እንቁላል ይቀንስባታል። ሕክምናው እንቁላሎቹን ስለማይገድል ከሳምንት እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ መደገም አለበት፤ አንዴ ረጭተው «መድኃኒቱ አይሠራም» የሚሉት ይህን ስለሚዘሉ ነው። መውጫዋ ዙሪያ ሰፍሮ ላባውን የሚያጠቁር ደም መጣጭ ቅንቅንም አለ። ፊቷና የዓይኗ ዙሪያ ላይ ተሰክቶ የማይላቀቀው ጥቁር ቁንጫ ደግሞ በኢትዮጵያ የገጠር ዶሮዎች ላይ በብዛት የሚታይ ነው። እግሯ ላይ ያለው ቅርፊት ወደ ላይ ተነስቶ የሚሻክረውም ከቆዳው ሥር በሚቆፍር ቅንቅን ነው፤ ሳሙና ባለው ሞቅ ያለ ውኃ አጥቦ ቫዝሊን ወይም ዘይት ደጋግሞ መቀባት ያፍነዋል፤ ግን ሳምንታት ይወስዳል፤ ቅርፊቱን መላጥ አያስፈልግም።

ቤት ውስጥ የሚያድረው ወገን የከፋ ነው። ቀዩ ቅንቅን ሳይበላ ግራጫ ነው፤ ሲበላ ይቀላል። በሚመቸው ሙቀት ከእንቁላል እስከ ሙሉ ተባይ ለመድረስ ከሳምንት እስከ 10 ቀን ብቻ ይበቃዋል። ቀን ዶሮዋን ገልብጠህ ብታይ አንድም አታገኝም። ምልክቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ዶሮዎቹ ሲመሽ ቤታቸው ለመግባት እያመነቱ ሌላ ቦታ ያድራሉ፣ ሌላ ቦታ ይጥላሉ፣ ራሳቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ እየነጣ ይሄዳል፣ እንቁላሉ ላይ ጥቃቅን የደም ነጠብጣብ ይታያል። ከመሸ በኋላ በባትሪ ቆጡ ከግድግዳው የሚገናኝበትን ቦታ ማየት፣ በነጭ ወረቀት ስንጥቁን መጥረግ በቂ ምርመራ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ቀይ መስመር ከወጣ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ለባሕረ ሰላጤው ደረቅ ሀገር ግን የእኔ ቀዳሚ ተጠርጣሪ የዶሮ መዥገር ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ አርጋስ ፐርሲከስ። ሙቀቱን ይችላል፣ ድርቀቱን ይችላል፤ ሳይበላ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። «ግቢው ዓመት ሙሉ ባዶ ነበር» ተብሎ ታምኖ አዲስ ዶሮዎች ሲገቡበት በጥቂት ሳምንት የሚነጡት በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። አዋቂው መዥገር እንደ ዘቢብ የተጨማደደና ጠፍጣፋ ነው፤ ሌሊት ግማሽ ሰዓት ያህል መጦ ወደ ስንጥቁ ይመለሳል። እጮቹ ግን ከ5 እስከ 10 ቀን ድረስ ከክንፏ ሥር ተጣብቀው ይቆያሉ። ደም ከመምጠጡ ሌላ ቦሬሊያ አንሰሪና የተባለ ባክቴሪያ ያስተላልፋል፤ ሩሲያዊው ሳክሃሮቭ እ.ኤ.አ. በ1891 በካውካሰስ በዝይዎች ላይ ያገኘው ነው። ይህ የያዛት ዶሮ ትኩሳት ይይዛታል፣ አረንጓዴ ኩስ ትጥላለች፣ ትንገዳገዳለች፤ ፈንግል ተብሎ ተስፋ የሚቆረጥበት አንዳንዱ ሞት ይህ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ፈንግል ቫይረስ በመሆኑ መድኃኒት የለውም፣ ይህኛው ግን ፔኒሲሊን ይመልሰዋል።

የመዥገሩን ሕይወት ካወቅን መከላከሉ በራሱ ይመጣል። ከገበያ የተገዛች ዶሮ ለ10 ቀን ያህል ለብቻዋ፣ ስንጥቅ በሌለው የሽቦ ጎጆ ብትቆይ ክንፏ ሥር ያሉት እጮች ጠግበው እዚያው ይረግፋሉ፤ ከዚያ ጎጆውን በእሳት ነበልባል ወይም በፈላ ውኃ ማጽዳት ነው። ከተምር ዛፍ ዝንጣፊ፣ በነሱ አጠራር ከጀሪድ፣ የተሠራ የዶሮ ቤት ለዓይን ያምራል፤ በቀጢፍና በአል አህሳ መዝራዎች የተለመደ ነው፤ ለመዥገር ግን ገነት ነው። ከተጣለ የጭነት እንጨት የሚቸነከረውም እንዲሁ። የብረት ቱቦ ቆጥ፣ እግሮቹ የተቃጠለ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ የቆሙ፣ ከግድግዳ የማይነካ ቢሆን ቀዩም ቅንቅን መዥገሩም መንገድ ያጣሉ። ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል የማንም ነጋዴ ምክር ውስጥ የማይገኘው።

እናቶቻችን ዶሮ እንድትንከባለልበት የሚተዉላት አመድ በሳይንስም ድጋፍ አለው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሪቨርሳይድ ማርቲንና ሙለንስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት አሸዋ ላይ ካኦሊን ሸክላ፣ ዳያቶማይት አፈር ወይም ድኝ ጨምረው ለዶሮዎች ሣጥን አዘጋጁ። ሣጥኑን የተጠቀሙት ዶሮዎች ቅማልና ቅንቅናቸው በሳምንት ውስጥ ከ80 እስከ 100 በመቶ ቀነሰ፤ የበለጠ የሠራው ድኙ ነበር። ግን ይህ ዶሮዋ ላይ ለሚኖረው ወገን ነው፤ ስንጥቅ ውስጥ ላለው አይደርስም። እዚያው ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት 20 የጓሮ መንጋዎችን መርምሮ ከአምስቱ በአራቱ የውጭ ተባይ አግኝቷል፤ ስለዚህ ተባይ መገኘቱ የአርቢውን ስንፍና አያሳይም። የሙለንስ ጥናቶች ያወጡት ሌላ ነገር ለራካ ይበልጥ ይጠቅማል፤ መንቆሯ የተቆረጠ ዶሮ ላባዋን ማበጠር ስለማትችል ቅንቅን ይበዛባታል። ከትልልቅ እርባታ ዕድሜያቸውን ጨርሰው በርካሽ የሚሸጡት ቀያይ ዶሮዎች ብዙዎቹ መንቆራቸው የተቆረጠ ነው። ርካሽነቱ ከዚህ ጋር ይታሰብ።

ስለ መርዙ ደግሞ መናገር ግድ ነው። ለበግና ለፍየል መዥገር የሚረጨው ዲያዚኖን መዝራ ላይ ለሚሠራ ሰው እጁ አጠገብ ነው። ወፎች ግን ከከብት እጅግ በጣም ባነሰ መጠን ይሞቱበታል፤ አሜሪካ ውስጥ በጎልፍ ሜዳዎች ላይ ወፎችን በመፍጀቱ ከእነዚያ ሜዳዎች እንዲወጣ የተደረገ መድኃኒት ነው። ለውሻና ለድመት ቁንጫ ጀርባ ላይ የሚንጠባጠበው ፊፕሮኒል ሌላው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በጋ ኔዘርላንድስና ቤልጅየም ውስጥ ይህ መድኃኒት በተከለከለ መንገድ ለቀይ ቅንቅን ማጥፊያ ተቀላቅሎ ተገኘ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ከገበያ ተነስቶ ተወገደ፣ እርባታዎች ተዘጉ። ተባዩ ሞቷል፤ መድኃኒቱ ግን እንቁላሉ ውስጥ ገብቷል። በዚያው ዓመት አውሮፓ ፍሉራላነር የተባለውን በመጠጥ ውኃ የሚሰጥ መድኃኒት ፈቀደች፤ በሳምንት ልዩነት ሁለቴ ተሰጥቶ እንቁላሉን ለመብላት መጠበቅ አያስፈልገውም። ለበግ የሚወጋው አይቨርመክቲን ግን እንቁላል ውስጥ ስለሚገባ በአውሮፓም በአሜሪካም ለእንቁላል ጣይ ዶሮ አልተፈቀደም። የዘበኛው ዶሮ እንቁላል ብዙ ጊዜ የሚሄደው ወደ አሠሪው ወጥ ቤት፣ ወደ ልጆቹ ቁርስ ነው፤ ይህን ማሰብ ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

ትል፣ ሁሉ የሚያመካኝበት

ከተባዮች ሁሉ በቀላሉ የሚከሰሰው የሆድ ትል ነው። እውነት ነው፣ አለ። በአማራ ክልል አራት ወረዳዎች ጭረው የሚበሉ ዶሮዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2001 በዓለም አቀፉ የእንስሳት ጤና ድርጅት መጽሔት የታተመ ጥናት 267 ዶሮዎችን መርምሮ 243ቱ ውስጥ ትል አግኝቷል። ይህን ቁጥር ብዙዎች ሲጠቅሱት ሰምቻለሁ፤ እኔን የሳበኝ ግን ዝርዝሩ ነው። ከሁሉ በብዛት የተገኘው ራይሊየቲና የሚባለው የኮሶ ዓይነት ትል ሲሆን 46 በመቶ ገደማ ነበር፤ ወስፋቱ አስካሪዲያ ከ36 በመቶ አላለፈም። በየሱቁ በርካሽ የሚሸጠው ፒፔራዚን ደግሞ የሚሠራው በወስፋት ላይ ነው፤ ኮሶውን አይነካውም። ትል ያስወጣ መስሎት በየጊዜው ፒፔራዚን የሚያጠጣ አርቢ ግማሹን ጠላት ሳይነካ ያልፈዋል። አልቤንዳዞልና ፌንቤንዳዞል ሰፋ ያለውን ይሸፍናሉ፤ ለኮሶው የታወቀው ፕራዚኳንቴል ነው።

ራካ ውስጥ ሥዕሉ ይለወጣል። ራይሊየቲና ከዶሮ ወደ ዶሮ የሚተላለፈው በጉንዳንና በጥንዚዛ ሆድ አልፎ ነው፤ ሲሚንቶ ግቢ ላይ ይህ መንገድ ይጠባል። ወስፋት ግን አስተላላፊ አይፈልግም። እንቁላሉ ከኩሱ ጋር መሬት ላይ ወድቆ ሙቀትና እርጥበት ካገኘ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ለመበከል ይደርሳል። ደረቅ አሸዋና የሰኔ ፀሐይ ይገድሉታል። የሚተርፈው ጥላ ባለበት እርጥብ ቦታ ነው፤ ራካ ውስጥ ደግሞ ይህ ቦታ የት እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ማጠጫው ሥርና ኤሲው የሚያንጠባጥብበት ጥግ። ዶሮዎቹም ቀዝቃዛ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ እዚያው ተኝተው ይውላሉ። የኤሲውን ውኃ በቱቦ ወደ ሌላ ቦታ መምራት ከአንድ ዙር የትል መድኃኒት ይሻላል ባይ ነኝ። ጫጩቶችን ደም ያለበት ኩስ የሚያስጥለው ኮክሲም የሚያድገው በዚያው እርጥብ ጥግ ነው። ለኮክሲ የሚሰጠው አምፕሮሊየም ጀርሙን የሚያዳክመው ቫይታሚን ቢ1ን በመሻማት ነው፤ እንዲበረቱ ተብሎ አብሮ ቫይታሚን ቢ የሚበጠበጥላቸው ከሆነ መድኃኒቱ ይመክናል።

አልፎ አልፎ ወስፋቱ ከአንጀት ወጥቶ በእንቁላል ቱቦ ሽቅብ ይሄድና እንቁላሉ ውስጥ ተዘግቶ ይገኛል። ያየ ሰው ዳግመኛ እንቁላል አያምረውም፤ ግን ብርቅ ነው፤ አብዛኞቹ ዶሮዎች ጥቂት ትል ይዘው ሲጥሉ ይኖራሉ። መድኃኒት ከመግዛት በፊት የኩስ ምርመራ ማስደረግ ይሻላል፤ በምሥራቁ ክልል የእንስሳት ሐኪም አይጠፋም፤ አል አህሳ ያለው የንጉሥ ፋይሰል ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው።

ሁሉም በአንዴ ሲያቆሙ

አንዷ ስታቆም ሌላ ነው፤ መንጋው በሙሉ በጥቂት ቀን ውስጥ ቢያቆም፣ ማንኮራፋትና ማስነጠስ ቢጨመርበት ወሬው ከጥገኛ ተባይ ወጥቶ ወደ ቫይረስ ይዞራል። ፈንግል አለ፤ ቅርፊቱን የሚያጨማድደውና ነጩን ውኃ የሚያደርገው ተላላፊ ብሮንካይተስ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1976 መጀመሪያ የተገለጸው፣ ጤነኛ የምትመስል ዶሮ ቅርፊት የሌለው እንቁላል እንድትጥል የሚያደርገው ቫይረስም አለ። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት፣ አረቄም ሳይቀር፣ ለፈንግል በሀገር ቤት ሲሰጥ ኖሯል፤ ያዳነው ዶሮ ግን አልተመዘገበም። የሚያዋጣው ክትባት ነው፤ ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ሙቀት የሚችለውን አይ-2 ጨምሮ የፈንግል ክትባት ያመርታል። በሳዑዲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ኤች5ኤን8 የወፍ ጉንፋን ሪያድ ውስጥ ተገኝቶ ነበር፤ በብዛት የሚሞቱ ዶሮዎች ባሉበት ግቢ አርዶ ማከፋፈል እንደማይገባ ለማስታወስ ያህል ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች ቀለል ያሉ ናቸው። ቄብ መጣል ስትጀምር ሁለት አስኳል ያለው ወይም ቅርፊት የሌለው እንቁላል ብትጥል ሳምንታት ትጠበቅ። እንቁላል የተሰነቀረባት ዶሮ ጅራቷን ዝቅ አድርጋ፣ ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ታምጣለች፤ ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ማስቀመጥና መውጫዋን ዘይት መቀባት ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ እንቁላሉን ውስጧ መስበር ግን ትልቅ አደጋ ነው። እንቁላል ቆመ ከተባለ በኋላ ከመኪና መሸፈኛው ሥር፣ ከካርቶን ጀርባ አሥራ ምናምን እንቁላል የሚገኝበት ጊዜም አለ፤ ቀይ ቅንቅን ያለበትን ሣጥን የሸሸች ዶሮ ናት።

መታቀፍ የሚመጣው ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ ነው። የሀገር ቤት ዘር ያላት ዶሮ መታቀፍ ትወዳለች፤ ስትታቀፍ አትጥልም። በዐቢይ ጾም እንቁላል የሚበላ ስለማይኖር ሳይነሳ ሣጥኑ ውስጥ ይከማቻል፤ የተከማቸ እንቁላል ደግሞ ለመታቀፍ ይጋብዛታል፤ ለፋሲካ ስትፈለግ ሣጥኑ ላይ ተቀምጣ ትገኛለች። ስለዚህ በጾሙም ቢሆን እንቁላሉን በየቀኑ ማንሳት ይበጃል። መታቀፏን ለማስተው ሀገር ቤት የተለመደው ዶሮዋን ዘቅዝቆ መስቀል፣ ወደ ጎረቤት ቤት መውሰድ ወይም በአፍንጫዋ ላባ ማሳለፍ ነው። ጎረቤት መውሰዱ የሚያስኬድ ነው፤ ሌሎቹን ብንተዋቸው ይሻላል። ወለሉ ሽቦ በሆነ፣ ጭድ በሌለበት፣ ከሥሩ አየር በሚገባበት ጎጆ መኖና ውኃ ይዛ ሦስት አራት ቀን ብትቆይ ሆዷ ቀዝቅዞ ይለቃታል፤ እንደገና ለመጣል ግን አንድ ሁለት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ትወስዳለች።